ሜሞሪው ሲሞላ፦ የበረራ ሲሙሌተሮች አርባ ዓመታት ሲዳሰሱ

በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበር ሰው ከሞተር መጥፋትና ከጎን ነፋስ ይልቅ የሚፈራው ሌላ ነገር አለ። ሰባት ስምንት ሰዓት በርሮ፣ ጎማ አውርዶ፣ ማኮብኮቢያው ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ምስሉ ቀጥ ይላል። ድምፁ ለቅጽበት ይንተባተብና ይጠፋል። ቀጥሎ የሚታየው የዊንዶውስ ዴስክቶፕ ነው። የነዳጅ ስሌቱ፣ የበረራ ዕቅዱ፣ የቀኑ ድካም ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ይህን በዕድል ያሳብባል። ሲሙሌተሮች ግን በመነሻ ሳይሆን በማረፊያ ሰዓት መዘጋት የሚቀናቸው በምክንያት ነው። በመንገድ ላይ የተጫነው ሁሉ ተጠራቅሟል፤ መድረሻው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃው፣ መብራቱና የቆመው አውሮፕላን የበዛበት ትልቅ ከተማ ነው። ኮምፒውተሩ ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው አብራሪው ከሁሉ በላይ በሚጨነቅበት ሰዓት ነው።

ሌሎች የኮምፒውተር ጨዋታዎች ይህ ፈተና ያን ያህል አይገጥማቸውም። የጨዋታው ሠሪ ተጫዋቹ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ፣ ከመስኮቱ ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ያውቃል፤ ሜሞሪውንም በዚያው ልክ ይመድባል። በሲሙሌተር ውስጥ ግን ዓለሙ ክፍት ነው። አብራሪው ከ10,000 ሜትር ከፍታ ሆኖ አገር ሙሉ ያያል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ የማኮብኮቢያውን ስንጥቅ ያያል። በዚያ ላይ አውሮፕላኑን አንድ ኩባንያ፣ አየር ማረፊያውን ሌላ ኩባንያ፣ የአየር ጠባዩን ሦስተኛ ኩባንያ ይሠራዋል። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ያሳምራል፤ ድምሩን የሚደምር ግን የለም።

ይህ ዳሰሳ ከ1980 እስከ ቅርብ ጊዜ ያለውን ይመለከታል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በነዚህ ዓመታት የሜሞሪ ጣሪያው ቦታ ሲለዋወጥ እንጂ ሲጠፋ አልታየም። ስለዚህ አንድ ሲሙሌተር ስንት ጊጋባይት እንደሚፈልግ ማወቁ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ዕድገቱ የሚለካው ሜሞሪው ሲሞላ በሚያደርገው ነገር ነው።

ከ36 ማሳ እስከ 640 ኪሎባይት

የዘርፉ ታሪክ የሚጀምረው ከእጥረት ነው። ብሩስ አርትዊክ በ1975 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ባቀረበው ጥናት የአውሮፕላን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ምስል እንዴት ሊታይ እንደሚችል አሳየ። በኋላ ከባልደረባው ጋር ባቋቋመው ሰብሎጂክ በተባለ ኩባንያ በኩል ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጣው ሲሙሌተር በ16 ኪሎባይት ሜሞሪ ይሠራ ነበር። መሬቱ 6 በ6 ሆነው የተደረደሩ 36 ማሳዎች ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ዓለሙ የጠበበው ሜሞሪው ከዚያ በላይ ስለማይችል ነበር። በዚያ ዘመን ግን ዛሬ የጠፋ አንድ ነገር ነበር፦ እያንዳንዷን ባይት ቆጥሮ የሚያውቃት ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ራሱ ነበር።

በኖቬምበር 1982 የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርም የአርትዊክ ሥራ ነው። ለአይቢኤም ፒሲ ሲዘጋጅ፣ ዶስ የተባለውን የኮምፒውተሩን ሥርዓተ ክወና ሳያስነሳ ከፍሎፒው በቀጥታ የሚነሳ ተደርጎ ተሠራ፤ ስለዚህ ሜሞሪውን የሚሻማው ሌላ ፕሮግራም አልነበረም። የኮምፒውተሩን አካል በቀጥታ ያዝዝ ስለነበር አዳዲስ ኮምፒውተሮች ከአይቢኤም ጋር መስማማት አለመስማማታቸው በእሱና ሎተስ 1-2-3 በተባለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ይፈተን ነበር። በ320 በ200 ነጥብና በአራት ቀለም የሚሣለው አንድ ሙሉ ስክሪን 16,000 ባይት ይይዛል። ዛሬ በ4ኬ ሞኒተር የሚታይ አንድ ምስል ከ33 ሚሊዮን ባይት በላይ ነው፤ ከ2,000 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ገና የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ ሥዕሉ የሚሠራበት ዕቃ አልተቆጠረም።

ቀጥሎ የመጣው የዶስ ዘመን በአንድ ቁጥር ይታወሳል፤ 640 ኪሎባይት። ኮምፒውተሩ ብዙ ሜጋባይት ቢኖረውም ፕሮግራሞች በቀላሉ የሚደርሱበት ይህን ያህሉን ነበር። የማውስ ድራይቨሩ፣ የድምፅ ካርዱ፣ የሲዲ ማጫወቻው ሁሉ ከዚያችው ይቆነጥራሉ። በጊዜው የነበሩ ተጠቃሚዎች የኮምፒውተሩን መነሻ ፋይሎች መስመር በመስመር እየቀያየሩ ጥቂት ኪሎባይት ለማትረፍ ያመሹ ነበር። ያም ሆኖ ስህተቱ ግልጽ ነበር፦ ሜሞሪ ካልበቃ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው አይነሳም። አብራሪውን ሰማይ ላይ አውጥቶ አይከዳውም።

መሬት ሥዕል ሲለብስ

በ1993 የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር አምስተኛው እትም መሬቱን በቴክስቸር አለበሰው። እስከዚያ ድረስ ሜዳው አረንጓዴ፣ ውኃው ሰማያዊ፣ ሕንፃው በመስመር የተከበበ ሣጥን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በየገጹ ላይ ምስል ይለጠፍ ጀመር፤ የምስሉም ማደሪያ ሜሞሪ ነው። በ1996 የተዋወቀው የቩዱ ግራፊክስ ካርድ 4 ሜጋባይት የራሱ ሜሞሪ ነበረው። በ1997 የወጣው ፍላይት ሲሙሌተር 98 እንዲህ ባሉ ካርዶች መጠቀም ሲጀምር ሲሙሌተሩ ሁለት ጓዳ ኖረው፦ የኮምፒውተሩ ራምና የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ፣ ማለትም ቪራም።

ቪራም ለምን ቶሎ እንደሚሞላ ለመረዳት አንዲት ሒሳብ ትበቃለች። 4096 በ4096 ነጥብ ያለው አንድ ቴክስቸር ወደ 16.8 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ሲያዝ 64 ሜጋባይት ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ እንዳይንቀጠቀጥ ደግሞ የዚያው ምስል አነስተኛ ቅጂዎች አብረው ይቀመጣሉ፤ እነሱ ሲሦ ያህል ይጨምራሉ። ነጥቡ በ1 ባይት እንዲያዝ ሲጨመቅ ጠቅላላው ወደ 21 ሜጋባይት ይወርዳል። የኮክፒቱ ግድግዳ፣ መቀመጫው፣ ክንፉ፣ ሞተሩ፣ የአየር መንገዱ ቀለም ተደምረው አንድ አውሮፕላን 30 እንዲህ ያሉ ቴክስቸሮች ቢኖሩት 640 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። የዶስ ዘመን ጠቅላላ ጣሪያ 640 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ የአንድ አውሮፕላን ቀለም ብቻ ያንን ሺህ ጊዜ ይሞላዋል። መሬቱ፣ ዛፉ፣ ደመናው፣ ጥላውና ከጎን የቆሙት ሌሎች አውሮፕላኖች ገና አልተነኩም።

ራም ሳያልቅ አድራሻ ያለቀበት ዘመን

በኦክቶበር 2006 የወጣው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ፣ በተጠቃሚዎቹ አጠራር ኤፍኤስኤክስ፣ ከ24,000 በላይ አየር ማረፊያዎች ይዞ መጣ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ መስፈርት 32 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ነበር። የኤፍኤስኤክስ ዋነኛ ገዳይ ግን ግራፊክስ ካርዱ አልነበረም። ፕሮግራሙ 32-ቢት መሆኑ ነበር።

ባለ 32-ቢት ፕሮግራም ሊጠራቸው የሚችላቸው የሜሞሪ አድራሻዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። ከተማው ሰፊ ባዶ መሬት ቢኖረውም የቤት ቁጥር ካለቀ አዲስ ቤት መመዝገብ አይቻልም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ለአንድ ባለ 32-ቢት ፕሮግራም 2 ጊጋባይት አድራሻ ይሰጣል። ዊንዶውሱ 64-ቢት ሲሆንና ፕሮግራሙም ሰፊ አድራሻ እንደሚችል ሲያስመዘግብ 4 ጊጋባይት ይደርሳል፤ ከዚያ አያልፍም። 16 ጊጋባይት ራም የገዛ ሰው አሥራ ሁለቱ ባዶ ሆነው ሳለ «ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት ያነብ ነበር።

ግራፊክሱም በዚህ ውስጥ እጁ ነበረበት። ሲሙሌተሩ ወደ ካርዱ የላከውን ቴክስቸር ቅጂ በራሱ ዘንድም ያስቀምጥ ነበር። ዊንዶውስ ቪስታ ሲመጣ ደግሞ የካርዱን ሜሞሪ የሚያስተዳድርበት አዲስ ዘዴ ከፕሮግራሙ አድራሻ ላይ ሌላ ድርሻ ይወስድ ጀመር፤ ማይክሮሶፍት በ2007 ማስተካከያ እስኪያወጣ ድረስ ትልቅ ቪራም ያለው ካርድ መግዛት ነገሩን ሊያባብሰው ይችል ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ችግር መግዛት ማለት ይህ ነው።

የዘመኑን ጠባይ በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኖቬምበር 2010 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ቦይንግ 777-200ኤልአርን ተረከበ። ፒኤምዲጂ የተባለው ሠሪ በ2013 ይህንኑ አውሮፕላን ለኤፍኤስኤክስ አቀረበ፤ መቀያየሪያዎቹና ኮምፒውተሮቹ ሳይቀሩ በዝርዝር የተሠሩለት ነው። አሁን አንድ ሰው ይህን አውሮፕላን በአየር መንገዱ ቀለም አስጊጦ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ይነሳ እንበል። ሲነሳ ኮክፒቱ ብቻውን ከአድራሻው ትልቅ ድርሻ ወስዷል። ሰሃራን ሲያቋርጥ ይተነፍሳል፤ በረሃ ብዙ ቴክስቸር አይፈልግም። አውሮፓ ላይ ከተማ በከተማ ይጫናል፤ የተጫነው ሁሉ ደግሞ ተጠርጎ አይወጣም። አሜሪካ ሲደርስ በዋሽንግተን ላይ የገዛው ዝርዝር አየር ማረፊያ ይጠብቀዋል። ከመዘጋቱ በፊት የማስጠንቀቂያ ደወል ሊሰማ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው መንገድ ሴቲንግ መቀነስ፣ የውጭ እይታን መተው፣ ከዚያም ቶሎ ማረፍ ነው። ደወሉን የሰማ ሁሉ ግን አላረፈም።

በዚህ ዘመን ተጠቃሚው ራሱ የሜሞሪ ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። በኤፍኤስኤክስ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ «ሃይሜምፊክስ» የምትባል አንዲት መስመር መጨመር በየአብራሪው ቤት እንደ ጸበል የታወቀች መድኃኒት ነበረች፤ የሚጠፉ ቴክስቸሮችንና ጥቁር የሚሆኑ ፓነሎችን ታስተካክላለች። የቴክስቸሩን ጣሪያ ከ4096 ወደ 1024 ማውረድም ተለመደ። ማይክሮሶፍት ግን ሲሙሌተሩን ይሠራ የነበረውን ኤሲስ ስቱዲዮን በጃንዋሪ 2009 ዘግቶ ስለነበር ከሥሩ የሚያክመው አልነበረም። ሠሪ የሌለው ፕሮግራም በምትክ መስመሮችና በተጠቃሚዎች ትዕግሥት ለዓመታት ቆየ።

64-ቢት፦ አንዱ በር ሲከፈት

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ኦስቲን ሜየር የመሠረተው ላሚናር ሪሰርች ኤክስ-ፕሌን 10ን በ2013 ወደ 64-ቢት አሻገረ። ኤፍኤስኤክስ የተሠራበትን ቴክኖሎጂ ከማይክሮሶፍት በፈቃድ የወሰደው ሎክሂድ ማርቲን ደግሞ ፕሪፔርድ በሚለው ሲሙሌተሩ አራተኛ እትም በሜይ 2017 ተከተለ። የአድራሻው ጥያቄ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። «ሜሞሪ አልቋል» የሚለው አሮጌ መልእክት ከብዙ ቤት ወጣ።

ዕረፍቱ ግን አጭር ነበር። አድራሻው ያስራቸው የነበሩት የአውሮፕላንና የአየር ማረፊያ ሠሪዎች ገደቡ ሲነሳ እጃቸውን ዘረጉ። 1024 የነበረው ቴክስቸር 4096 ሆነ፤ በየተርሚናሉ ውስጥ ወንበርና ማስታወቂያ ተሣለ። ራም ማስገባት ቀላል ነው፤ ተጨማሪ ቁራጭ ገዝቶ መሰካት ነው። የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ ግን ከካርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ማሳደግ የሚቻለው ካርዱን ራሱን በመቀየር ነው። ግድግዳው ከርካሹ ዕቃ ወደ ውዱ ዕቃ ተዛወረ።

የሚፈለገው ሲያድግ ካርዶቹ እኩል አላደጉም። በ2016 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1070 ካርድ 8 ጊጋባይት ነበረው፤ በ2025 የወጣው አርቲኤክስ 5060ም 8 ጊጋባይት ነው። የማስላት ፍጥነቱ ብዙ ጨምሯል፤ ጓዳው ግን ያው ነው። በካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ እኩል እንዳልሆነም በ2015 ታይቷል። 4 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ጂቲኤክስ 970 የመጨረሻዋ ግማሽ ጊጋባይት ከቀሪው በጣም የዘገየች መሆኗ ታወቀ፤ በአሜሪካ የቀረበው ክስ በ2016 ለእያንዳንዱ ገዢ 30 ዶላር በመክፈል በስምምነት አለቀ። ይኸው ካርድ በ2020 ለወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር የሚመከር መስፈርት ነበር፤ ለ2024ቱ እትም ደግሞ ዝቅተኛው መስፈርት ሆኗል።

ሒሳቡን ማን ይያዝ?

2020 የዘርፉ መታጠፊያ ዓመት ነው። በኤፕሪል ወር የፕሪፔርድ አምስተኛ እትም በዳይሬክትኤክስ 12 ላይ ተሠርቶ ወጣ። በዚያው ወር ኤክስ-ፕሌን 11.50 በቨልካን ለሕዝብ ሙከራ ቀረበ፤ በሴፕቴምበር ተጠናቀቀ። ዳይሬክትኤክስ 12ም ሆነ ቨልካን ፕሮግራሙ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርባቸው አዳዲስ መንገዶች ናቸው። ከቀድሞዎቹ የሚለዩበት ዋናው ነገር የሜሞሪ ኃላፊነት ነው። ድሮ ቪራም ሲሞላ የካርዱ ድራይቨር ከጀርባ ሆኖ የማያስፈልገውን ወደ ራም እያወጣ፣ የሚያስፈልገውን እያስገባ ነገሩን ይሸፋፍን ነበር። አዲሶቹ መንገዶች ግን ሒሳቡን ለፕሮግራሙ ሠሪ አስረከቡት። በደንብ ለሚቆጥር ፍጥነት ይሰጣሉ፤ ለማይቆጥር ምሕረት የላቸውም።

ውጤቱ በሁለቱ ሲሙሌተሮች ላይ ተለያየ። የፕሪፔርድ አምስተኛ እትም ተጠቃሚዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ሴቲንጉን ከፍ አድርገው ቪራማቸውን ሲያልፉ ፕሮግራሙ በስህተት መልእክት ይዘጋባቸው ነበር። ከ64-ቢት በኋላ ተረስቶ የነበረው የማረፊያ ሰዓት ፍርሃት ስሙን ቀይሮ ተመለሰ። ኤክስ-ፕሌን ሌላ መንገድ መረጠ፦ ቪራም ሲጠብ የቴክስቸሮቹን ጥራት ራሱ ያወርዳል። ተጠቃሚው መሬቱና ኮክፒቱ ሲደበዝዝ ያያል፣ ያማርራል፤ በረራው ግን ይቀጥላል። በዲሴምበር 2022 በወጣው ኤክስ-ፕሌን 12 ላይም የደበዘዘ ቴክስቸር ቅሬታ አልጠፋም። ቢሆንም ቅሬታው ስለ መደብዘዝ እንጂ ስለ መዘጋት አለመሆኑ ራሱ እርምጃ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ክራሽም አለ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ግራፊክስ ካርዱን ይጠብቃል፤ ካርዱ የተሰጠውን ሥራ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ሃንግ አድርጓል ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ሲሙሌተሩ በዚያ ቅጽበት ካርዱን ያጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይዘጋል። የሙቀት መብዛት፣ ከልክ በላይ የተፋጠነ ካርድ፣ የተበላሸ ድራይቨር ወይም የሜሞሪ መጨናነቅ ሁሉም እዚህ ሊያደርሱ ስለሚችሉ «ካርዱ ጠፋ» የሚል መልእክት ባየ ቁጥር አዲስ ካርድ ለመግዛት የሚሮጥ ሰው በከንቱ ሊከስር ይችላል።

ቪራም ሞልቶ ሲሙሌተሩ የማይዘጋበትም ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ራም ያሸጋግረዋል፤ ፕሮግራሙ ይኖራል፣ ግን ይዳከማል። አርቲኤክስ 3080 ከራሱ ሜሞሪ በሰከንድ እስከ 760 ጊጋባይት ያነባል። ራም ላይ ያለውን ግን በኮምፒውተሩ መስመር በኩል በሰከንድ ወደ 32 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው የሚያገኘው። 24 እጥፍ ያህል ልዩነት ነው። በሰከንድ 50 ምስል ይስል የነበረ ኮምፒውተር ድንገት ስድስት ሰባት ላይ የሚንፏቀቀው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። ለማረፍ መሪ ለያዘ ሰው በዚያ ፍጥነት መንፏቀቅና መዘጋት ብዙ አይለያዩም።

ላም አለኝ በሰማይ

በኦገስት 2020 የፈረንሳዩ አሶቦ ስቱዲዮ የሠራው አዲሱ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ጥያቄውን ከሥሩ ቀየረው። ከ2 ፔታባይት በላይ የሆነው የምድር ካርታና የአየር ፎቶ በማንም ቤት ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ተቀምጦ አብራሪው ባለበት አካባቢ ልክ በኢንተርኔት ይወርዳል። ዓለም በሙሉ ቤት ውስጥ መግባቷ ቀረ፤ ጥያቄው በዚህች ደቂቃ የትኛዋ ቁራጭ ትግባ የሚል ሆነ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ፈተና የመጣው ከኤክስቦክስ ነው። ሲሙሌተሩ በጁላይ 2021 ለኤክስቦክስ ሲቀርብ ከሁለቱ የወቅቱ ኤክስቦክሶች ትንሹ ለራምም ለግራፊክስም በጋራ የሚያገለግል 10 ጊጋባይት ብቻ ነበረው፤ መጨመር አይቻልም፣ ሴቲንግ መቀየርም የለም። ሠሪዎቹ የሜሞሪ አያያዙን አሻሽለው አቀረቡ፤ በዚያው ቀን ለኮምፒውተር የወጣው አምስተኛው ማሻሻያም የሜሞሪ ፍጆታውን በጉልህ ቀነሰ። ዋጋውም ወዲያው ታየ። አብራሪው ወደ ጎን ዞሮ ሲመለስ ከዓይኑ የወጣው መሬት ከሜሞሪም ወጥቶ ይጠብቀዋል፤ ዛፍና ሕንፃ ፊቱ ላይ እንደገና ብቅ ብቅ ይላሉ። በኋላ ከስክሪን ውጭ ያለው መሬት ምን ያህል ይያዝ የሚለውን ለተጠቃሚው የሚተው ሴቲንግ ተጨመረ። ጠባቡ ማሽን ለሰፊው ማሽን ቁጠባ አስተማረው፤ ሰፊ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ያለኝን ልጠቀምበት አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

በኖቬምበር 19 ቀን 2024 የወጣው ተከታዩ እትም ከመሬቱ አልፎ አውሮፕላኖቹን ጭምር ከሰርቨር ያመጣል። በ200,000 ምናባዊ ተጠቃሚዎች የተፈተነው ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን በመጣው ሕዝብ ተጨናነቀ። ብዙዎች ሰዓታት ወረፋ ጠበቁ፤ መጫኛው 97 በመቶ ላይ ቆሞ የቀረባቸውም ነበሩ። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች በቪዲዮ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ። ቪራምም ራምም ሞልቶ ሳይሆን ሰርቨሩ ሞልቶ መብረር የተከለከለበት የመጀመሪያው ታላቅ ቀን ይህ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የመስፈርቶቹ ጉዞ ነገሩን ያጠቃልለዋል። በ2006 ዝቅተኛው ቪራም 32 ሜጋባይት ነበር። በ2020 2 ጊጋባይት ሆነ፤ በ2024 4 ጊጋባይት። ከ2006ቱ ጋር ሲነጻጸር 128 እጥፍ ነው። በምርጥ ጥራት ማየት ለሚፈልግ ደግሞ በ2020 8፣ በ2024 12 ጊጋባይት ተመክሯል። ለአዲሱ እትም የሚጠየቀው ራም ከ16 ተነስቶ እስከ 64 ጊጋባይት ይደርሳል።

እኛ ዘንድ ሲታይ

አዲስ አበባ ውስጥ ሲሙሌተር መሞከር የሚሻ ወጣት ብዙ ጊዜ በእጁ ያለው ላፕቶፕ ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ቪራም የሚባል የተለየ ጓዳ የለውም፤ ከራሙ ይበደራል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው እንዲህ ያለ ማሽን ለአዲሶቹ እትሞች አይሆንም። የ2024ቱ እትም በዝቅተኛው የሚጠይቀው የኢንተርኔት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። ይህ ፍጥነት ሳያቋርጥ ሙሉ በሙሉ ቢሠራበት በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሰው ኤክስ-ፕሌን ወይም አሮጌው ኤፍኤስኤክስ መሬቱን በዲስኩ ላይ ስለሚያስቀምጥ ዛሬም ትርጉም አለው።

ካርድ ያለው ሰውም መጀመሪያ መቀነስ ያለበትን ያውቃል ማለት አይደለም። ብዙዎች ምስሉ ሲዘገይ ጥላንና ደመናን ይቀንሳሉ፤ እነዚህ ካርዱን በሥራ ብዛት ቢያደክሙም ቪራምን በዋናነት የሚሞሉት እነሱ አይደሉም። ጓዳውን የሚሞላው የቴክስቸር ጥራት፣ የሩቅ መሬት ዝርዝር፣ የተሣለው ምስል ስፋትና በየአየር ማረፊያው የሚቆሙት የሌሎች አውሮፕላኖች ብዛት ነው። ከጎን የተከፈተ ኢንተርኔት ማሰሻና ሁለተኛ ሞኒተርም ከዚያው ቪራም ይካፈላሉ። ከ2017 ወዲህ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ካርዱ የራሱን ሜሞሪ ስንት፣ ከራም የተበደረውን ስንት እንደያዘ ያሳያል። የተበደረው ቁጥር በበረራ መሀል ሲያሻቅብ ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ማውረድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የዓይን ልዩነቱ ከሚገመተው ያንሳል።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሥልጠና ማዕከል አብራሪዎች የሚሠለጥኑባቸው ሙሉ ሲሙሌተሮች ግን ሌላ ዓለም ናቸው። በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ምስሉን የሚያመነጨው ክፍል የሚሸከመው ሸክም አስቀድሞ ይለካል። ጭነቱ ሲበዛ የሩቅ ሕንፃውን ዝርዝር ይቀንሳል እንጂ የምስሉን ፍጥነት አይነካም፤ ምክንያቱም ሠልጣኙ ለማረፍ የሚያስፈልገው ማኮብኮቢያው ነው፣ የሩቁ ጣሪያ ቀለም አይደለም። የሙያው ዓለም ከአሥርተ ዓመታት በፊት የያዘውን ይህን ልማድ የቤቱ ሲሙሌተር ገና በመማር ላይ ነው።

ሚዛኑ

አርባውን ዓመት አንድ ላይ ሲያዩት ሦስት ነገር ይጎላል። አንደኛ፣ የሰፋ ሜሞሪ ሁሉ ይሞላል፤ ከ16 ኪሎባይት እስከ 12 ጊጋባይት ይህ አልተለወጠም፣ ወደፊትም የሚለወጥ አይመስልም። ሁለተኛ፣ የውድቀቱ መልክ ተለውጧል። ድሮ አይነሳም ነበር፤ ቀጥሎ ሰማይ ላይ ይዘጋ ጀመር፤ አሁን በተሻሉት ሲሙሌተሮች ይደበዝዛል ወይም ይዘገያል። ሦስተኛ፣ ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል፦ ከአርትዊክ ወደ ተጠቃሚው፣ ከተጠቃሚው ወደ ድራይቨሩ፣ ከድራይቨሩ ወደ ሲሙሌተሩ ሠሪ፣ አሁን ደግሞ በከፊል ወደ ሩቅ ሰርቨር።

ገና ያልተፈታው በመሀል የቀሩት የአውሮፕላንና የአየር ማረፊያ ሠሪዎች ጉዳይ ነው። አንድ አየር ማረፊያ ሲሸጥ ምስሉ፣ የተርሚናሉ ውበት፣ የመብራቱ ብዛት ይዘረዘራል፤ ስንት ቪራም እንደሚበላ ግን እምብዛም አይጻፍም። የምግብ ካርቶን ይዘቱ እንደሚጻፍበት ይህም ሊጻፍ ይገባል። ገዢው ደምሮ ይግዛ፤ ሠሪውም ቁጥሩ ስለሚታይ ይቆጥባል።

አዲስ ሲሙሌተር በወጣ ቁጥር ግምገማዎች ስለ ደመናው ውበትና ስለ ምድሩ ስፋት ብዙ ይላሉ። ከዚያ በፊት ሊደረግለት የሚገባ አንድ ፈተና አለ፦ ቴክስቸሩን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎ፣ ዝርዝር የበዛበት አውሮፕላን ይዞ፣ ወደ ትልቅ ከተማ አምርቶ ሜሞሪውን ሆን ብሎ መሙላት። ካደበዘዘ ሠሪዎቹ አስበውበታል፤ ቢያስጠነቅቅ የበለጠ ይመሰገናሉ። ከተዘጋ ግን፣ ምድሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሲሙሌተሩ እስኪስተካከል ድረስ ገንዘቡ በኪስ ቢቆይ ይሻላል።